«ቫይታሚን እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?»

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የጤና ቀን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ደም ግፊት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ግፊት የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እዚያ በየቀኑ ስለምሰማው ነገር ላውራ ብዬ አስፈቀድኩ። መድኃኒት ልትወስዱ ስትመጡ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኧረ የለም» ትሉኛላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ከቦርሳ ውስጥ የቫይታሚን ዲ ጠርሙስ ብቅ ይላል። «ይሄስ?» ስል መልሱ አንድ ነው። «ውይ፣ እሱማ ቫይታሚን እኮ ነው! ምን ያደርጋል?»

ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

ግን ዛሬ ቤት ገብታችሁ ጠርሙሱን እንድትጥሉት አልመጣሁም። እጥረቱ እውነት ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የእዚህ አገር የጥር ፀሐይ ደግሞ ለስሙ ነው እንጂ አቅም የለውም። ቢኖረውስ? ከአፍንጫችን በቀር የሚያገኘው ገላ የለም። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ወገናችን ጭራሽ ፀሐይ አያይም። ሐኪም ደማችሁን አይቶ «ዝቅ ብሏል፣ ውሰዱ» ካላችሁ ውሰዱ። እኔ የማወራው ያለ ልክና ያለ ጥያቄ ስለሚዋጠው ነው።

ቫይታሚን ሲ አብዝታችሁ ብትወስዱ ሰውነት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። ቫይታሚን ዲ እንደዚያ አይደለም። በስብ ውስጥ ነው የሚሟሟው። እንደ ጎታ እህል ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ኪኒኑን ካቆማችሁ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከዚያው እየተቀዳ ይወጣል። ዋና ሥራው ደግሞ ካልሲየምን ከአንጀት ወደ ደም ማስገባት ነው። ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ካልሲየም ሲበዛ ኩላሊት ውኃ መቆጠብ ያቅተዋል። ሰውዬው ሽንት ይመላለሳል፣ ይጠማል። አንጀት ይሰንፋል፣ ሆድ ይደርቃል። ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል። ድካም፣ ድብርት፣ ነገር መርሳት ይመጣል። ሲብስ የልብ ምት ይዛባል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። በነገራችን ላይ ቫይታሚን ዲ 3 አንዳንድ የአይጥ መርዝ ውስጥ የሚገባው ለዚሁ ነው። ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ መጠኑ ለየቅል ነው። ግን «ምን ያደርጋል?» ለሚለው ሰው ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

እስቲ አሁን የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች መለስ ብላችሁ አስቡ። ጥማት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ፣ ድካም። እኛ ቤት ይሄ ምን ይባላል? «ስኳር ነው!» ይባላል።

አንዲት እናት ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም። ሐኪም በሳምንት አንዴ የሚወሰድ የ50,000 ዩኒት (ዩኒት የቫይታሚን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ዲ አዘዘላቸው። ያ ሲያልቅ ልጃቸው በቅንነት ያንኑ መጠን ከኢንተርኔት አዘዘችላቸው። ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። የመጣው ግን ከመቶ በላይ ፍሬ ያለው ትልቅ ጠርሙስ ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም። የግፊት ኪኒናቸውን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ነው የሚወስዱት፣ ይሄኛውንም አብረው መዋጥ ጀመሩ። በየቀኑ። በሳምንት የሚወሰደው በአንድ ቀን ማለት ነው። በዚያ ላይ «ለአጥንት ጥሩ ነው» ተብሎ ካልሲየም ተጨምሮላቸዋል።

ሁለት ወር አካባቢ ሲሆን እህል አልቀምስ አሉ። ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ፣ ውኃ አይጠግቡም። ቤተሰቡ ስኳር ለካ፣ ደህና ነው። ምግብ እየቀነሱ ሲመጡ «ጉልበት ይስጣቸው» ተብሎ ሌላ መልቲቫይታሚን ተጨመረ! እሱም ውስጥ ቫይታሚን ዲ አለ። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸውን ስም ሲስቱ ድንገተኛ ክፍል ተወሰዱ። ካልሲየማቸው ጣሪያ ነክቷል፣ ኩላሊታቸውም መድከም ጀምሯል። ግሉኮስ እንደምንለው በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣቸው፣ ካልሲየም የሚያወርድ መድኃኒትም ተጨመረ። ዳኑ፣ ተመስገን። ግን ኪኒኑ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት ደም ሲመረመሩ ቆዩ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የሚወዳቸው ነው። ማንም ግን ቫይታሚኑን አልጠረጠረውም። ሐኪሙም ቢሆን ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

የግፊት ኪኒናቸውንም ልብ በሉልኝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚወስደው ብዙ ሰው አለ። ሽንት የሚያሸና ነው፣ ካልሲየምን ግን ኩላሊት እንዳያስወጣው ይይዛል። ከብዙ ቫይታሚን ዲና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ነገሩ ይከፋል። ለልብ ዲጎክሲን የምትወስዱም ተጠንቀቁ። ካልሲየም ከፍ ሲል ዲጎክሲን የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዓመተ ምሕረቱን ስጠራ በፈረንጅ ነው። የዚህ አገር መመሪያ ከ1 እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት ይላል። ከ70 በላይ 800፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን 400። አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል እንዳያልፈው የተባለው ጣሪያ በቀን 4,000 ነው። 5,000 የወሰደ ሁሉ ይመረዛል ማለት አይደለም። ከባዱ መመረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት በየቀኑ ለወራት ሲወሰድ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ድሮ በዩኒት ብቻ ይጻፍ ነበር። አሁን በማይክሮግራም ይጻፋል፣ ዩኒቱ አጠገቡ በቅንፍ ይቀመጣል። 25 ማይክሮግራም ማለት 1,000 ዩኒት ነው። 125 ማይክሮግራም ሲባል ትንሽ ይመስላል አይደል? 5,000 ዩኒት ነው። 1,250 የሚል ካያችሁ ያ 50,000ው ነው።

የተጻፈውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ2013 የታተመ ጥናት ከሱቅ የተገዙና ፋርማሲ ውስጥ የተቀመሙ የቫይታሚን ዲ ኪኒኖችን መርምሮ ነበር። አንዳንዱ ውስጥ የተገኘው ከተጻፈው 9 ከመቶ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ 146 ከመቶ። እዚህ አገር ሰፕሊመንት እንደ ሐኪም መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት አይፈተሽም። ቢያንስ «ዩ ኤስ ፒ» የሚል ማኅተም ያለበትን ፈልጉ። ይዘቱን ሌላ ገለልተኛ አካል አይቶታል ማለት ነው።

የወተት ነገርም አለ። እዚህ አገር ወተት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ይጨመራል። ቦስተን አካባቢ አንድ የወተት አከፋፋይ መጠኑን ስቶ ሰዎች ታመሙ። በ1992 ሐኪሞች የ8 ታካሚዎችን ታሪክ አሳተሙ። በአንድ ኳርት፣ ማለትም አንድ ሊትር ገደማ፣ 400 ዩኒት መሆን ሲገባው ከ230,000 በላይ የተገኘበት ወተት ነበር። ሰዎቹ ኪኒን አልዋጡም፣ ወተት ነው የጠጡት።

«ግን ሲበዛ ይሻላል የሚሉ አሉ» ትሉኝ ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ተሰጣቸው። ስብራት ይቀንሳል ተብሎ ነበር። በ2010 ውጤቱ ሲወጣ ኪኒኑን የወሰዱት በብዛት የወደቁት፣ በብዛት የተሰበሩት ሆነው ተገኙ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ ደግሞ 400፣ 4,000 እና 10,000 ዩኒት በየቀኑ ለሦስት ዓመት ተነጻጸሩ። 10,000 የወሰዱት አጥንት ከ400ዎቹ አልበለጠም፣ እንዲያውም ጥግግቱ ቀንሶ ታየ። እኔ በበኩሌ ከዚህ በኋላ ለጤነኛ ሰው 10,000 የሚመክሩትን የዩቲዩብ ሐኪሞች መስማት ትቻለሁ።

ሌላም የምትነግሩኝ አለ። «እኔ 1,000 ብቻ ነው የምወስደው፣ ግን ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ ከለከለኝ፣ ሆዴን ይነፋኛል።» ይሄን አላጣጥለውም። ግን እዚሁ አሜሪካ ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ግማሾቹ በቀን 2,000 ዩኒት፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ለዓመታት ወሰዱ። ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ በዚህ መጠን የሚታመም ሰው ሲገጥመኝ ከቫይታሚኑ አጠገብ ያለውን እፈልጋለሁ። ኪኒኑ ካልሲየም ተቀላቅሎበታል ወይ? ካልሲየም ሆድ ያደርቃል። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ዘይት ምንድን ነው? አኩሪ አተር ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው አለ። ቀለም የሚያሳክከው አለ።

ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፣ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራ። ቫይታሚን ዲ 3 ራሱ በአብዛኛው የሚወጣው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው። ሁዳዴን ጾመው በኪኒን የሚገድፉ እንዳሉ ያወቅሁት ፋርማሲ ውስጥ ነው! ፍርዱ የንስሐ አባት ነው፣ የእኔ አይደለም። ሙስሊም ወንድምና እህቶቼም ስለ ጄላቲኑ ትጠይቁኛላችሁ። ከዕፅዋት ወገን የሚሠራም አለ፣ ጠይቁ።

በትንሽ መጠን ካልሲየማቸው የሚያሻቅብ ሰዎችም አሉ። ሳርኮይዶሲስ የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ሳንባና ዕጢ ላይ እብጠት የሚያወጣ ሕመም ያለባቸው፣ ሳንባቸውን ወይም ዕጢያቸውን ቲቢ የያዛቸው። በእነዚህ ሕመሞች የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ራሳቸው ቫይታሚን ዲውን ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይቀይሩታል፣ የሚቆጣጠራቸው የለም። ቲቢ ለኛ ሩቅ በሽታ ስላልሆነ ነው ይሄን የማነሳው። አንገት ላይ ያለችው ፓራታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ የምትሠራባቸውም አሉ። ቫይታሚን ዲን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በዘር የጎደላቸውም አሉ፣ ይሄኛው ከነምክንያቱ የታወቀው በ2011 ነው። ከዚያ በፊት በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ቫይታሚን ዲ በበዛበት የዱቄት ወተት ሕፃናት ሲታመሙ ለምን አንዳንዱ ብቻ እንደሚታመም ግራ አጋብቶ ነበር። የኩላሊት ጠጠር የወጣለት ሰውም ካልሲየምና ዲ ደርቦ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አሁን ወደ ሻንጣው ልግባ። አገር ቤት ስንሄድ ምን እንይዛለን? ጫማ፣ ሽቶ፣ ቫይታሚን። «ለእማዬ ለጉልበቷ፣ ለሕፃኑ ደግሞ ጠብታ።» የሕፃኑ ጠብታ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አንዱ ጠርሙስ 400 ዩኒቱን የሚሰጠው በ1 ሚሊ ሊትር ነው፣ ማለትም መምጠጫው እስከ መስመሩ ሞልቶ። ሌላው ጠርሙስ ያንኑ 400 በአንዲት ጠብታ ይሰጣል። ሁለቱም ላይ የሕፃን ሥዕል አለ። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው መምጠጫ ሞልቶ የሚሰጥ ሰው ለሕፃኑ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ሰጠው ማለት ነው። የዚህ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2010 ስለ ሕፃናት መምጠጫ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህታችሁ ደግሞ ልጇን ለሪኬትስ፣ ማለትም ለአጥንት መልፈስፈስ፣ አሳክማ፣ ከባድ የቫይታሚን ዲ መጠን በመርፌ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። እናንተ በዚያ ላይ ጠብታ ትልካላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ «መርፌ ተወግቷል ወይ?» በሉ። ወይም ጠብታውን ትታችሁ ልጁን ፀሐይ አሙቁት በሉ፣ እዚያ ፀሐዩ በነፃ ነው። ፀሐይ ደግሞ በቫይታሚን ዲ አትመርዝም፣ ቆዳችን ትርፉን ራሱ ያፈርሰዋል።

ያልታሰበ ነገር ከተሰማችሁ እንዲህ አድርጉ። በራሳችሁ የጀመራችሁት ከሆነ አቁሙና የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ቀን ጻፉ። ሐኪም ያዘዘው ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለት። ክሊኒክ ስትሄዱ «ቫይታሚን ዲዬን ለኩልኝ» ብቻ አትበሉ፣ «ካልሲየሜንና ኩላሊቴንም እዩልኝ» በሉ። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ 911 ነው፣ ወደ እኔ አይደለም።

የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ፎቶው ካለ፣ ከቡናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቆያለሁ። የእናታችሁን ጠርሙስ ጽሑፍ አብረን እናነባለን። ዩኒቱን በአማርኛ በትልቁ ጽፈን እንለጥፍበታለን። ማርከርና ማጣበቂያ ወረቀት አምጥቻለሁ።