አንድ ትንኝ፣ ሁለት ስም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ኩሊኮይደስ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚሆኑ፣ ደም መጣጭ ደቃቅ ትንኞች። ከ1,300 በላይ ዝርያ አላቸው።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታንና የበጎችን ብሉ ታንግ የምታስተላልፈውን ኢሚኮላ የተባለች ዝርያ እንውሰድ። የነፍሳት ተመራማሪው ኪፈር እ.ኤ.አ. በ1913 ሰየማት። በ1920 ሌሎች ደግሞ እንደ አዲስ ዝርያ ቆጥረው ፓሊዲፔኒስ አሏት። ቆይቶ አንድ መሆናቸው ሲታወቅ ቀድሞ የወጣው ስም ጸና፤ ደንቡ ይኸው ነው። ታዲያ የድሮ የእንስሳት ሕክምና ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ስም ካልፈለገ፣ ግማሹ እውቀት ያመልጠዋል።

ለምን ተሳሳቱ? መለየት የሚጀመረው ከክንፍ ነጠብጣብ ነው፤ ክንፍ ደግሞ ያታልላል። አልኮል ውስጥ የከረመ ናሙና ቀለሙ ይደበዝዛል። ኦብሶሌተስና ስኮቲከስ የተባሉት ሌሎች ሁለት ዝርያዎች ሴቶችማ በመልክ ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ። በደንብ የሚለያቸው የወንዱ ብልት ነው፤ የብርሃን ወጥመድ ውስጥ የሚገባው ግን በአብዛኛው ሴት!

ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስላይድ መሥራት ግድ ነው። በመጀመሪያ ለዲኤንኤ የሚሆን እግር ይነሳ፤ ይህን የረሳ በኋላ ይቆጨዋል። ከዚያ ቀሪው አካል 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይነከራል፤ ሥጋው ይሟሟል፣ ጠንካራው ቆዳ ይቀራል። ቶሎ ከወጣ ሆዱ ጠቁሮ የዘር ማኖሪያ ከረጢቶቹ አይታዩም፤ ከመጠን በላይ ከቆየ ሁሉም ነገር ገርጥቶ ይጠፋል። ታጥቦ በአልኮል ውሃው ካልተወገደ ደግሞ ናሙናው መስታወት ላይ የሚጣበቅበት ሙጫ፣ ካናዳ በለሳሙ፣ ይደፈርሳል። ጭንቅላት፣ ክንፍና ሆድ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ከዚያ ከረጢቶቹ ስንት እንደሆኑና ቅርጻቸው፣ ዓይኖቹ መነካካታቸው፣ አፍ አጠገብ ባለው ዳሳሽ ሦስተኛ አንጓ ላይ ያለው ጉድጓድ ይታያል።

አዲስ ዝርያ ነው ከተባለ፣ ስሙ የሚታሰረው በመግለጫው ሳይሆን ሆሎታይፕ በሚባል አንድ ናሙና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ለወጣ ስም፣ ስሙ የታሰረበት ናሙና ተለይቶ መጠቀስ አለበት፤ የት ስብስብ ውስጥ እንደሚቀመጥም መጻፍ አለበት። በእኔ እምነት ሴቶቹ በሚመሳሰሉበት ቡድን ውስጥ በአንዲት ሴት ብቻ ስም ማውጣት ለተከታዩ ሰው ዕዳ ማውረስ ነው።

ከዝርያው ስም ቀጥሎ በሰያሚው ስም ዙሪያ የምትገባው ቅንፍም ትርጉም አላት። ሜይገን በ1818 ኦብሶሌተስን የመደበው ሴራቶፖጎን የሚባል ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ምድብ) ውስጥ ነበር፤ ጂነሱ ስለተቀየረ የሜይገን ስም በቅንፍ ይጻፋል። ኪፈር ግን ኢሚኮላን ከመጀመሪያው ኩሊኮይደስ ውስጥ ስላስገባት፣ የእሱ ስም ያለ ቅንፍ ነው። ቅንፍ የጨመረ ጽሑፍ ሳይ፣ ሌላውንም ነገር ደግሜ እፈትሻለሁ።