ጮማውን ከተውሁ ወዲህ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ሆዴ ጉዳይ ባለፉት ክፍሎች በበቂ ስለተናገርሁ ቃሩንና የምሽቱን መነፋት ዛሬ አልተርክላችሁም። ዛሬ ለብቻዬ ያስቀመጠኝ በሰፈራችን ቅርጫ ቢላዋ የሚይዙት ጋሼ በፋሲካ ዕለት የጠየቁኝ አንዲት ቃል ናት።

አስቀድሜ ግን ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ በአመጋገቤ ላይ ያደረግሁትን ለውጥ ላስረዳ። ሐኪሟ ሥጋ ተው አላለችኝም። በሰገራ ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያም ሆነ የኮሶ ትል እንዳልተገኘብኝ ካየች በኋላ የጠየቀችኝ የትኛውን ብልት፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምበላ ነበር። ስብ በጨጓራ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሰው ጨጓራው ሞልቶ ሲተኛም አሲዱ ወደ ላይ ለመመለስ እንደሚቀለው ነገረችኝ። ሥጋ ፋይበር፣ ማለትም በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው የማይፈጭ አሠር፣ የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመክራል። ድርቀቱን ያመጣብኝ በሥጋው ምክንያት ከገበታዬ የጠፋው ጎመንና ምስር ይመስለኛል። ስለዚህ አሁን ሻኛውንና ጮማ የበዛበትን ጎድን ትቼ ቀዩን ሥጋ በትንሽ ዘይት አበስላለሁ፤ የሥጋውን ያህል ጎመን አቀርብበታለሁ፤ ከመተኛቴ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬም እበላለሁ። ጥሬውን ፈጽሞ ትቻለሁ። ቃሩም ቀንሶልኛል።

ወደ ፋሲካው ልመለስ። የሰፈራችን ቅርጫ ተከፋፍሎ፣ በየመደቡ ላይ ዕጣ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፤ ቢላዋቸውን ማንም አይነካባቸውም። ከሻኛው ቆርጠው፣ በእንጀራ ጠቅልለው፣ አዋዜ አስነክተው «በሞቴ» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔም «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥሬውን ትቻለሁ» አልሁ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተም?» አሉኝ።

የአባቴን ሕመም ነገር በዚህ ዝግጅት ስለነገርኋችሁ አልደግመውም። አባቴ በታመመበት ዓመት፣ ለማንም ሳይናገር በፊት፣ መጀመሪያ እንቢ ያለው የጋሼን ጉርሻ ነበር። ይህን እኔ ዘንግቼው ኖሮ ጋሼ አልዘነጉትም። ጉርሻውን አጠገባቸው ለቆመው ልጅ ሰጡትና ወደ ቢላዋቸው ተመለሱ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት «የለም፣ ደህና ነኝ፤ ሐኪም አይቶኛል» ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ።

ስለ ጾም መፍቻ ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ ከሌሊቱ ቅዳሴ ስንመለስ ዶሮ ወጡን ከማቅረቧ በፊት ተልባ ታጠጣን ነበር። 55 ቀን ሙሉ ከቅባት የራቀ ሆድ በድንገት ቅቤ ሲወርድበት እንደሚጨነቅ ታውቅ ነበር። ተልባ የሚያሙለጨልጭ ፋይበር ስላለው ምክሯ ከሐኪሟ ምክር ብዙ የሚርቅ አልመሰለኝም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት ስለሆነ ሆድ ዕረፍት የለውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ለሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ ይበቃዋል ይላል፤ የአንድ ሰው የቅርጫ ድርሻ ይህን ስንት ጊዜ እንደሚያጥፈው እናንተው ገምቱት።

ይህን መጠን በቃሌ መያዜ ራሱ ያሳስበኛል። ሆዴ እንዲቀለኝ ብዬ የጀመርሁት ነገር ከመቼ ጀምሮ ፍርሃት እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ፍርሃት ነበር። ሐኪሟ ሰገራ ሲጠቁር፣ ክብደት ያለ ምክንያት ሲቀንስ፣ መዋጥ ሲያስቸግር ሳልዘገይ እንድመጣ ነግራኛለች። ከእነዚህ አንዱም የለብኝም። የአባቴን ታሪክ ስነግራት ግን ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የጨጓራን ውስጥ የማየት ምርመራ፣ ብታደርግ አልጠላም አለች፤ ውሳኔውንም ለእኔ ተወችው።

ጋሼ ዘንድ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን ከምርመራው በፊት ብሄድ የምናገረው ግማሽ እውነት ይሆናል፣ ከምርመራው በኋላ ደግሞ... እንግዲህ ቀጠሮውን ገና አልያዝሁም፤ እስቲ በዚህ ሳምንት...