የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሰሌዳው ተጠቃሚውን እንዴት ያገኘዋል?

የ5ጂ ሞገድን አቅጣጫ እየቀየሩ ስለሚመልሱ ተቀናባሪ አንጸባራቂ ሰሌዳዎች ባለፈው ዝግጅታችን ካነሣን በኋላ በስልክ ከቀረቡልን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን፣ እንግዳችን የሬዲዮ ግንኙነት መሐንዲስ የሰጡትን መልስ እንደሚከተለው አቅርበናል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ቤቴ ያለው ኢንተርኔት ከመንገድ ማዶ ከተተከለ የ5ጂ አንቴና የሚመጣ ነው። በብርዱ ወራት ደኅና ሲሠራ ይከርምና በመካከል ያለው ዛፍ ቅጠል ሲያወጣ ይዳከማል። ለድርጅቱ ስደውል ሁልጊዜ «ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት» ይሉኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ከነገሩኝ ተነሥቼ የምጠረጥረው ዛፉን ነው። በአሜሪካ ከተሞች ሥራ ላይ ከዋሉት የ5ጂ ሞገዶች አንዱ 28 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ የዚህ ሞገድ ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ውሃ ያዘለ ቅጠል በቀላሉ ይውጠዋል፤ በመካከል የቆመ ሰው እንኳ ኃይሉን መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። አንቴናው ይህን ለማካካስ ኃይሉን እንደ ባትሪ ብርሃን በጠባብ ጨረር ይሰበስበዋል፤ ጨረሩ በጠበበ መጠን ግን ዒላማውን መሳቱም የዚያኑ ያህል ይቀላል። ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት የጨረሩን ፍለጋ እንደ አዲስ ያስጀምረው ይሆናል እንጂ ዛፉን ከመንገድ አያነሣውም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሰሌዳው ከተራ ቆርቆሮ በምን ይለያል? ቆርቆሮም ያንጸባርቃል።

መልስ፦ ልጆች ሳለን በመስታወት ስባሪ ፀሐይን ወደ ጨለማ ክፍል እንመልስ ነበር። ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ ለመቀየር ግን እጃችንን ማዞር ነበረብን፤ ቆርቆሮም እንደዚያው ነው። ተቀናባሪው ሰሌዳ ሳይንቀሳቀስ ነው አቅጣጫ የሚቀይረው። ፊቱ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ በርካታ የብረት ቁራጮች ተደርድረዋል፤ በየቁራጩ ያለ ዳዮድ (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ሲበራና ሲጠፋ የሚመለሰው ሞገድ ፌዝ ይለወጣል። ፌዝ ስል ቀልድ ማለቴ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ሦስት ፌዝ» የሚሉትን ዓይነት፣ ማለትም ሞገዱ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ከየቁራጩ የሚመለሱት ሞገዶች ተጠቃሚው ዘንድ በአንድ ፌዝ እንዲደርሱ ከተቀናበሩ ይደጋገፋሉ፤ የቁራጮቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የቁራጮቹን ሁኔታ በ0 እና በ1 የመጻፍ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2014 በቻይና ናንጂንግ ከሚገኘው የሳውዝኢስት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓኖቹ የስልክ ድርጅት ዶኮሞና የመስታወት አምራች ኤጂሲ በ28 ጊጋኸርዝ የሞከሩት ብርሃን አሳላፊ ሰሌዳ ግን ሌላ ዓይነት ነበር፤ የሱ ሥራ ሞገዱን ማሳለፍ፣ በከፊል መመለስ ወይም ሙሉ በሙሉ መመለስ ነበር።

ጥያቄ (የምሕንድስና ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)፦ ሰሌዳው የራሱ መቀበያ ከሌለው ተጠቃሚው የት እንዳለ በምን ያውቃል?

መልስ፦ አያውቅም፤ የዚህ ቴክኖሎጂ ዋናው ራስ ምታትም ይኸው ነው። ማንጸባረቁ በአንጻሩ የተፈታ ችግር ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰሌዳ በአግድም 40፣ በቁመት 40 ቁራጮች አሉት እንበል፤ በ28 ጊጋኸርዝ ስፋቱ ከ21 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። የሚመልሰው ጨረር ግን ወደ 2.5 ዲግሪ ይጠብባል፤ ይህም 20 ሜትር ርቆ ሲያርፍ ከ90 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስፋት ማለት ነው። በአግድም 50፣ በቁመት 5 አቅጣጫ ብንመድብለት በድምሩ 250 ይሆናል። የ5ጂ አንቴና የፍለጋ ምልክቱን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንድ ስለሚደግም፣ ሰሌዳው በየዙሩ አንድ አቅጣጫ ቢሞክር ሁሉንም ለማዳረስ 5 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ በእርጋታ የሚራመድ ሰው አምስት ሜትር ያህል ተጉዟል፤ የተገኘውም ቦታ አርጅቷል።

የሚያግዘን አንድ ነገር አለ፤ አንቴናውም ሰሌዳውም ተሰቅለው የቀሩ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው አቅጣጫ አንዴ ከተለካ በየጊዜው መፈለግ አያስፈልገውም። የሚቀረው ከሰሌዳው እስከ ተጠቃሚው ያለው መንገድ ነው። እሱንም በሰፊ ጨረር ጀምሮ ግማሽ በግማሽ እያጠበቡ መሄድ ይቻላል፤ በዚህ ዘዴ 250ው አቅጣጫ በ16 ሙከራ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጠናቀቃል። ወረቀት ላይ ያማረ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሰፊው ጨረር ደካማ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በኹከት (ምልክቱን በሚረብሹ ሌሎች ሞገዶች) ተውጠው ወደ ተሳሳተው ግማሽ ሊመሩን ይችላሉ፤ መጀመሪያ ላይ የተሠራ ስሕተት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከተላል። ስለዚህ በእኔ ግምት የተሻለው አካሄድ የስልኩን ያለፈ ቦታና የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ይዞ በዚያ ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ጠባብ ጨረሮች ብቻ መሞከር፣ ሙሉውን ፍለጋ ግን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ብቻ መጀመር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ከፈለጉ ከዚህ ይጀምሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ይህ ሁሉ ጨረር ጤና አይጎዳም?

መልስ፦ አማርኛችን የኤክስሬይንም የሬዲዮንም ሞገድ «ጨረር» ብሎ ስለሚጠራ ስጋቱ ይገባኛል። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ከአቶም ኤሌክትሮን የማላቀቅ ኃይል የለውም፤ የገለጽኩት ዓይነት ሰሌዳም የደረሰውን ይመልሳል እንጂ የራሱን ሞገድ አያመነጭም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ)፦ በአንቴናውና በሕንጻችን መካከል 100 ሜትር ያህል አለ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቢሰቀል መሃል ላይ ይሻላል?

መልስ፦ መሃሉ ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው። የሚደርሰው ኃይል የሚወሰነው ከአንቴናው እስከ ሰሌዳውና ከሰሌዳው እስከ ሕንጻው ባሉት ሁለት ርቀቶች ብዜት ነው፤ 50 በ50 ሲባዛ 2,500 ሲሆን 10 በ90 ግን 900 ነው። ኃይሉ በብዜቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ ሰሌዳውን ከሕንጻችሁ 10 ሜትር ላይ መስቀል ከመሃሉ ይልቅ ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል። የሞገዱን ርዝመትም ያስቡበት፤ በ3.5 ጊጋኸርዝ ያው 1,600 ቁራጭ ያለው ሰሌዳ በየጎኑ 1.7 ሜትር ይሆናልና የሚሰቀልበትን ግድግዳ ከጎረቤቶችዎ ጋር ቀድመው መማከር ይኖርብዎታል።