የልጅ ዕዳ ለአባት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

«ስለ ልጆችና ስለ ሕግ ትንሽ በለን» ስባል ከስፖኪዮ ልጀምር አልኩ። ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ የጎረቤት መኪና ስፖኪዮ ይሰበራል። ሁሉም ይበተናል። ሮጦ ማምለጥ ያቃተው አንዱ ይያዛል። አባት ይጠራል። «ልጅ ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርገው?» ይላል።

ይክፈል ነዋ! እኛ የምናውቀው «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2124፣ ነገሩን ገልብጦታል። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ላደረሰው ጉዳት አባት ተጠያቂ ነው። «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» ማለት አያድንም። በኃላፊነት የምታሳድገው እናት ከሆነች ተጠያቂዋ እሷ ናት። ጉዳቱ የደረሰው ልጁ ትምህርት ቤት እያለ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይዞራል። ርዕሰ መምህራችን፣ እንዲህ አይዩኝ፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

ልጁ ገና 7 ዓመቱ ቢሆንስ? ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ካሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርግጥ ልጁ ጥፋቱን መለየት የማይችል ከነበረ፣ ዳኛው የሁለቱንም ወገን ኪስ አይቶ ካሳውን ሊቀንሰው ይችላል።

ስፖኪዮው የእናንተ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ልጁን በጥፊ አትበሉት። ከሳሽ የነበራችሁት ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ፎቶ አንሱ፣ የጋራዡን ደረሰኝ ያዙ፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን ጻፉ። ለመክሰስ 2 ዓመት አላችሁ። ግን ለአንድ ስፖኪዮ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ያደርጋል? ቡና ይፈላ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ግማሽ ግማሽ ተባብላችሁ ጨርሱት።

ሽማግሌ የማይቀመጥበት ነገር ግን አለ።

የ15 ዓመት ልጅ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ተገኘች ይባላል። «ተስማምተው ነው» ይላል አንዱ። «ያግባትና ነገሩ ይብረድ» ይላል ሌላው። አባት ሁለቱን እየሰማ ዝም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ «እሺ» ማለቷን እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም። የአባትና የእናት «እሺ»ም ጎልማሳውን አይረዳውም። ዕድሜዋ ከ13 በታች ከሆነ ቅጣቱ ይብሳል። «ያግባት» የሚሉትም ቢሆን፣ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ብሏል። በድሮው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት የደፈረ ሰው ያቺኑ ሴት ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። ሕጉ ከወጣ ስንት ዓመቱ፤ እኛ ግን አሁንም ያንኑ በር እናንኳኳለን።

ስለዚህ ለስፖኪዮ ሽምግልና ጥሩኝ፣ ቡና ካለ እመጣለሁ። ለዚህኛው የጠራኝን ሰው ግን ይዤው የምሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ርዕሰ መምህራችን እጃቸውን አንስተዋል።