እስከ በሩ አብረን እንሂድ (የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ከቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያም የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የምናገረው ስለ መጠጥ ነው። ለቅሶ ቤት በሹክሹክታ የምናወራውን ዛሬ በማይክራፎን ላውራው።

ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመት መጠጥ ይዞት ነበር። ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው። ቀን ይሠራል፣ ማታ በሩን ዘግቶ ይጠጣል። እኛ ደግሞ እንሸፋፍናለን። ስልክ ሲደወልለት "ተኝቷል" እንላለን።

አንድ ቀን ራሱ "ውሰጂኝ" አለኝ። መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር የሆነውን የአልኮሆሊክስ አኖኒመስን፣ ባጭሩ የኤ.ኤ.ን ስብሰባ አድራሻ ከአንድ የቆየ ወረቀት ላይ አግኝተን ሄድን። በሩ ተቆልፏል። ስብሰባው ቦታ ቀይሮ ኖሯል። "አየሽ፣ እግዜርም አልፈለገም" አለኝ። ያን ማታ ጠጣ። እንደገና እሺ እስኪለኝ አራት ወር ፈጀ።

ስለዚህ አደራ፣ አንድ አድራሻ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሁለት ሦስት ያዙ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነጻ የስልክ አፕ አለ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያችኋል። "ክፍት" ከተባለ ቤተሰብም ይገባል። "ዝግ" ከተባለ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። በዙም የሚደረጉም አሉ።

ሁለተኛ የሄድንበት ስብሰባ ክፍት ነበር፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። ሞተሩን አጥፍቼ መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ወንድሜ ግን "ሰው ያየኛል" ይላል። በር ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ስማቸውን ነገሩን። የአባት ስም የጠየቀን የለም። ታጣፊ ወንበር፣ ትልቅ የቡና ፔርሙዝ፣ የወረቀት ኩባያ። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። ቅርጫት ሲዞር ያለው ይጥላል፣ የሌለው ያሳልፋል። አንዲት ሴትዮ ጠርሙሱን ከቆሻሻ ልብስ ሥር ትደብቅ እንደነበር ስትናገር፣ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የእኔን ማን ነገራት?" አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን ሄደ። ቆይቶም ስፖንሰር ያዘ። እኛ ስፖንሰር ስንባል የሚታየን ቪዛና ገንዘብ ነው። እዚያ ግን ቀድሞ ያቆመ፣ ሌሊት ሲጨንቅህ ስልክ የሚያነሳልህ ሰው ነው።

ኤ.ኤ. የተጀመረውም እንዲሁ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል፣ መጠጥ ያቆመ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ፣ የሄደበት ሥራ ተበላሽቶበት፣ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ከተማ ሆቴል ብቻውን ቀረ። መጠጥ ቤቱ እዚያው ሆቴል ውስጥ ነው። እሱ ግን ስልክ አነሳ፤ እንደ እሱ መጠጥ ያስቸገረውን ሰው ፈለገ። በመጨረሻ ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገናኙት። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ቆየ። ማኅበሩ ልደቱን የሚቆጥረው ዶክተር ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠጣበት፣ ከጁን 10 ቀን 1935 ነው።

"እኛ ጸበል አለን" የምትሉ አላችሁ። አትተዉት። ወንድሜ ሁለቱንም ይዞ ነው የቆመው። ስብሰባው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑ ለሚያሳስባችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ኤ.ኤ. የየትኛውም ሃይማኖት ድርጅት አይደለም። ለአባልነት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት።

ይህን ግን አስምሩበት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ባንዴ ላቁም ቢል ለሕይወቱ ያሰጋል። ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያቃዠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ከጣለው 911 ደውሉ።

ለቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል ማኅበር አለ። የቢል ባለቤት ሎይስ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በ1951 ያቋቋመችው ነው። እኔ "ተኝቷል" ማለት ያቆምኩት እዚያ ነው።

እኛም እንደ ማኅበር ጥፋት አለብን። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ አልጠጣም ያለውን "በሞቴ! አንዲት ብቻ!" እያልን እናስጨንቃለን። ፍቅራችን ነው፣ አውቃለሁ። ወንድሜ ግን ያቺን አንዲት ሽሽት ሁለት ዓመት ሰርግ ቤት አልሄደም። እባካችሁ፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። ለስላሳ ወይ ውሃ ስጡና ወደ ጨዋታችሁ ተመለሱ።

የሥራ አመራሩ ከዚህ ወር ጀምሮ ማክሰኞ ማታ ትንሿን ክፍላችንን በአማርኛ መሰብሰብ ለሚፈልጉ ሰዎች እንዲለቀቅ ወስኗል። እኛ አንመራውም፣ ስምም አንጠይቅም። በኤ.ኤ. አሠራር ለመጠጥ ማቆም የተገናኙ ሁለት ሦስት ሰዎች ቡድን መሆን ይችላሉ። ኪራዩን ራሳቸው ከቅርጫታቸው ይከፍላሉ፤ የእነሱ ደንብ ነው፣ አቅማቸውን አይተን ዝቅ አድርገነዋል።

መኪና ውስጥ አብሯችሁ የሚቀመጥ ሰው ለምትፈልጉ፣ ከምሳ በኋላ ቡናው ጋ አለሁ። አሁን ወደ አጀንዳችን እንግባ። የዘንድሮው ጉባኤያችን ተከፍቷል።