«ምነው ከሳሽ? ምነው ወፈርሽ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ብርዱም እንዳለ ነው። የማወራችሁ ስለ ሰውነታችን ነው። ስለ መልክ፣ ስለ ቁመና፣ ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት። ያዘጋጀሁት ሃያዎቹ ውስጥ ላላችሁ ብዬ ነው። እናቶችና አክስቶች ቢሰሙት ግን ይበልጥ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

ለአዲስ አድማጮች፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ደግሞ ሳይኮሎጂ ነው። ሁለቱ ምን አገናኛቸው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ሜትር በያዝኩ ቁጥር ሲገናኙ አያለሁ። አንዲት ልጅ ወገብ ላይ ሜትሩን ሳዞር፣ ቁጥሩን እንኳ ሳላነብ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። «ሰሞኑን ወፍሬያለሁ እኮ።» «ሆዴን አትዪብኝ።» «እጅጌው ክንዴን ይሸፍንልኝ።» ማንም ምንም አላላትም። እኔ የምፈልገው ቁጥሩን ጽፌ ጨርቁን መቁረጥ ብቻ ነው። እሷ ግን ጥፋት ሠርታ እንደመጣች ትሸማቀቃለች። ይኼ ደግሞ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ቀጭኗም፣ ወፍራሟም፣ ረጅሟም እንዲሁ ናቸው።

ታዲያ ይኼ ይቅርታ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ስልክን ይወቅሳል። ስልክ ድርሻ አለው፤ እመለስበታለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ ሰላምታችንን ነው የምወቅሰው። አስቡት እስኪ። ከአዲስ አበባ ለበዓል ወደ መሐል ሜዳ ወይ ወደ ደብረ ሲና ትገባላችሁ። ገና ሦስተኛውን ጉንጭ ሳትስሙ፣ «ምነው ልጄ፣ ከሳሽብኝ?» ይባላል። ሌላዋ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ኧረ እንዲያውም ወፍራለች» ትላለች። ሦስተኛዋ ስለ ቀለማችሁ ታነሳለች፦ «ጠቆርሽ እኮ፣ ምን ነካሽ?» በአንድ ቡና ላይ ከስታችሁ፣ ወፍራችሁ፣ ጠቁራችሁ ታድራላችሁ።

ይኼን ስል እናቶቻችንን መክሰሴ አይደለም። «ከሳሽብኝ» የሚለው ቃል ውስጥ ፍቅር አለ። ታሪክም አለ። ሰሜን ሸዋ ረሃብን ያውቃል። የ1977ቱ ድርቅ የኛን አካባቢም አግኝቷል፤ ያንን ያየ ሰው ዛሬም በየቤቱ አለ። ለዚያ ትውልድ የልጅ ጉንጭ መጉደል የመልክ ጉዳይ አልነበረም፤ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ሞላ ስንል ደስ ይላቸዋል፣ ጎደል ስንል ይደነግጣሉ። ይኼን ሳልረዳ ባወራ ነውር ነው።

ችግሩ የዛሬዋ ልጅ ጆሮዋ ሁለት መሆኑ ነው። በአንዱ እናቷ «ብዪ እንጂ» ትላታለች። በሌላው ስልኳ «አትብዪ» ይላታል። እናቷ «አማረብሽ» ያለችበትን ቀን፣ እሷ ያበቃላት ቀን አድርጋ ትቆጥረዋለች።

እዚህ ላይ ስለ ፊጂ ልንገራችሁ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። እዚያም ሞላ ያለ ሰውነት የተወደደ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም «ብሉ፣ ብሉ» ነው። ልክ እንደኛ። አን ቤከር የምትባል የሐርቫርድ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ አካባቢ ቴሌቪዥን ገና እንደገባ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠየቀች። በ1998 ተመልሳ ሌሎች እኩዮቻቸውን ጠየቀች። ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር ምልክት የታየባቸው ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ወጡ። ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን የምታስመልስ በመጀመሪያው ጊዜ አንድም አልነበረችም። በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ። የተጠየቁት በየጊዜው ስድሳ ምናምን ልጆች ናቸው፤ ብዙ አይደሉም። ግን ሦስት ዓመት ብቻ! ያውም በቴሌቪዥን። በየቤቱ እንኳ ያልነበረ ቴሌቪዥን። ዛሬ እኛ አልጋ ውስጥ ይዘነው የምንገባው ስልክ ነው።

ስልኩ ደግሞ የራሳችንን ፊት እንኳ በትክክል አያሳየንም። ይኼን ብዙ ሰው አያውቅም። ሰልፊ ስትነሱ ካሜራው ፊታችሁ ላይ ነው ያለው፤ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። ለካሜራው የቀረበው አፍንጫችሁ ነው፣ ጆሯችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አፍንጫ ይገዝፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ሲያሰላው፣ ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር የተነሳ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። እንግዲህ ስንቷ ልጅ ናት በሌላት አፍንጫ የምታለቅስ? አፍንጫዬ አስጠላኝ ለምትለኝ ሁሉ ይኼን እነግራለሁ። ሰው እናንተን የሚያይበት ርቀት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አይደለም።

የቀለም ነገር ደግሞ እኛ ጋ ለየት ይላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስላለ ፀሐይዋ ደካማ ትመስለናለች፤ አይደለችም። ጋቢ ተከናንበን ፊታችን ይቃጠላል። እዚህ መጥቆር ያለ ነው፣ ማዲያትም ያለ ነው። ቆዳው ሥራውን ነው የሠራው፤ ከጨረሩ የሚከላከለው በመጥቆር ነው።

ለዚህ ብለን ገበያ ላይ ያለውን የሚያቀላ ቅባት ስንገዛ ግን ልቤ ይሰበራል። ከነዚህ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ያለባቸው አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል። የሳሳ ቆዳ ይዞ እዚህ ፀሐይ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ውስጡ ምን እንዳለ እቃው ላይ ካልተጻፈ አትቀቡት። ማዲያቱ ካስጨነቃችሁ የቆዳ ሐኪም አለ። ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አለ። ጠይም ሆኖ መቆየትም አለ፤ እኔ እንዲያውም ጠይምን ማን ያህለዋል ባይ ነኝ።

ወንዶችም እኔ ጋ ይመጣሉ። ሱሪ ለማጥበብ፣ ኮት ትከሻው እንዲሞላ። እነሱ ይቅርታ አይጠይቁም፤ ዝም ይላሉ። ስለ ቁመታቸው፣ ስለ ደረታቸው የተነገራቸውን ግን አይረሱም። አንዳንዱ ጂም የሚገባው ለጤናው ነው፤ ሸጋ ነገር ነው። አንዳንዱ ግን ምን ያህል ቢፈረጥም ራሱን ቀጭን አድርጎ ያያል። ይኼ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ችግር ነው። ከዚያ መርፌው ይመጣል። ጡንቻ የሚያሳብጡ ሆርሞኖች ልብን ይጎዳሉ፣ የዘር ፍሬንም ያሟሽሻሉ። ይኼን ለወንድሞቻችሁ ንገሩልኝ።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? በወጡ በገቡ ቁጥር የሚመዘኑ ሰዎች አውቃለሁ። ሰውነት ግን በአንድ ቀን ውስጥ በጠጣው ውኃና በበላው ምግብ ብቻ ኪሎ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ክብደትን በራሱ ለተባዛ ቁመት የሚያካፍለው ስሌት ደግሞ፣ ቢ ኤም አይ የሚሉት፣ መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነው። የፈለገው የብዙ ሕዝብ አማካይ ነበር። ጡንቻን ከስብ አይለይም። ለሐኪም አንድ ፍንጭ ይሰጠው ይሆናል እንጂ፣ ስለ ማንነታችሁ የሚለው ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የጾም ነገር ነው። በሁዳዴ ልኬት የምትሰጥ ሙሽራ ካለች፣ ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አስቀርላታለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሰው ይሞላል፤ ልብሱም አብሮ መሞላት አለበት። አሁን አሁን ግን ጾሙን ለወገብ የሚያውሉት አሉ። ጾሙ የእግዚአብሔር ነው። ሰዓቱ ደርሶ ሁሉም ገበታ ሲቀርብ የማትቀርብ፣ ጾሙ ተፈቶም የማትበላ ልጅ ካለች ዝም ብላችሁ አትለፏት። በልታ ወዲያው መታጠቢያ ቤት የምትገባ፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ ቶሎ ቶሎ ራሷን የምትስት ከሆነ፣ ይኼ ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ጸሎቱም ጸበሉም ይሁን፤ ሆስፒታሉ ግን አይቅር።

ምን ይረዳል ካላችሁኝ፣ ሁለት ነገር አምናለሁ። አንደኛው ማኅበራዊ ሚዲያን መቀነስ ነው። ካናዳ ውስጥ የመጨነቅና የመደበት ምልክት ያለባቸው ከ17 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 220 ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ለሦስት ሳምንት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይጠቀሙ አደረጉ። የቀነሱት ስለ መልካቸውና ስለ ክብደታቸው ያላቸው ስሜት ተሻሻለ። ያልቀነሱት እንደነበሩ ናቸው። ማጥፋት እንኳ አላስፈለገም።

ሁለተኛው ሰላምታውን መቀየር ነው። እናቶች፣ ለናንተ ነው። ልጃችሁ ስትገባ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» በሏት። «ሥራውስ? ሰው ይስማማሻል?» በሏት። በእርግጥ ከስታ ካስደነገጠቻችሁ፣ ሰው ፊት አታንሱት። ማታ ሁለታችሁ ስትሆኑ ጠይቋት። ሰው በሐዘን ይከሳል፣ በበሽታ ይከሳል። ሰው ፊት ከተጠየቀ «ደኅና ነኝ» ብሎ ያልፋል፤ ለብቻው ከተጠየቀ ይናገር ይሆናል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ከትልቅ ሰው ጋር አትጨቃጨቁ፤ ወግ አይደለም። ዞር ማድረግ ግን ይቻላል። «ወፈርሽ» ሲሏችሁ፣ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ እትዬ። እርስዎስ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?» በሉ። ወሬው ወደ ጉልበቱ ይሄዳል። ለታናናሾቻችሁ ግን ዝም አትበሉ። አሥር ዓመት ያልሞላት እህታችሁ ፊት «ዛሬ እንጀራ አልበላም፣ ያወፍረኛል» አትበሉ፤ ቃል በቃል ትይዘዋለች።

እኔ በበኩሌ ልኬት ስወስድ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልጠራም፤ ደብተሬ ላይ ጽፌ እዘጋለሁ። ልብሱ ከጠበበም «ወፈርሽ» አልልም፤ «ልብሱን ላስፋው» እላለሁ። ጥፋቱ የልብሱ ነውና።

በሉ፣ እናንተን ቤት ሲጠብቃችሁ የኖረው ሰላምታ የትኛው እንደሆነ በድምፅ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አብረን እንሰማዋለን። ሰላም ሁኑ።