የዱልዋይክ ጭነትና የእኛ ደብተር

የተከበራችሁ የጀልባ ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ። ከደቅና ከጎርጎራ በሌሊት የተነሳችሁ፣ ነፋሱ እንዳገላታችሁ ከፊታችሁ ይታያል። ቡናው ከኋላ አለ፣ ጠጡ።

ዘንድሮ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ብቻ ሲጮህ ከረመ፦ "ሊቀመንበር፣ ያ የሞተር ዕቃ የት ደረሰ?" ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲያዝ፣ የቀሩት በአፍሪካ ደቡብ ዞረው ሲሄዱ ሰምታችኋል። ነጋዴው ያን እያነሳ "ታገሱ" ይለኛል። እኔም እናንተን "ታገሱ" እላለሁ።

በዚህ ሰበብ የመርከብ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ድሮም ቢሆን በጦርነት ጊዜ የጦር መርከብ የገለልተኛ አገር የንግድ መርከብን አስቁሞ መፈተሽ ይችላል። መኮንኖች በትንሽ ጀልባ ይሄዳሉ፣ ሰነድ ያያሉ። በ1856 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓሪስ መግለጫ ደግሞ የገለልተኛ ባንዲራ የጠላትንም ዕቃ ይሸፍናል ይላል፤ ከኮንትሮባንድ በቀር። ይሄ ኮንትሮባንድ እኛ የምናውቀው ሳልባጅ አይደለም፤ ለተዋጊው የሚሄድ መሣሪያ ነው። የተያዘውን መርከብም የያዘው ካፒቴን እንደፈለገ አይወስደውም፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

አሁን የእኛን ጉዳይ ስሙ። ከአድዋ ድል ጥቂት ወራት በኋላ፣ ነሐሴ 1888 ዓ.ም.፣ ዱልዋይክ የሚባል የኔዘርላንድ መርከብ መሣሪያ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ሲጓዝ ኤትና የተባለው የጣልያን የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ያዘው። ባንዲራው ገለልተኛ ነው። ወደቡም የፈረንሳይ ነው። ጣልያኖቹ ግን "ተቀባዩ ምኒልክ ናቸው" አሉ። ሮም የተቀመጠው ፍርድ ቤት ኅዳር 1889 ዓ.ም. መያዙ ትክክል ነበር አለ። ግን ጥቅምት ላይ የሰላም ውል ተፈርሞ ስለነበር፣ መርከቡም ጭነቱም አልተወረሰም።

እኔን ያስገረመኝ ምን መሰላችሁ? ክርክሩ ሁሉ "ዕቃው የማን ነው? መጨረሻው የት ነው?" የሚል ነው።

አምና ክረምት አንድ ጀልባችን ዳር ላይ ለፍተሻ ቆመ። የዘጌ ቡና ነው የጫነው። ደብተሩ ላይ "ቡና፣ 14 ኬሻ" ይላል፣ ሌላ የለም። የማን እንደሆነ ረዳቱም አያውቅም። ስልክ እስኪደወል ኬሻው ሁሉ ጭቃው ላይ ወረደ፣ ዝናብም መጣ። ባለቤቷ እናታችን ቡናዋን ሦስት ቀን በፀሐይ ስታሰጣ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የፈታሾቹ አይደለም።

ስለዚህ አዲሱ ደብተር ላይ "ተቀባይ" የሚል አንድ ዓምድ ጨምረናል። ስምና ስልክ ይጻፍበት። በካርቦን ነው፣ አንዱ ቅጂ ከጀልባው ጋር ይሄዳል፣ አንዱ ቢሮ ይቀራል። "ሥራ በዛብን" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ በውይይቱ ላይ ተናገሩት፣ እንከራከርበታለን።

የሞተር ዕቃው በነገራችን ላይ ባለፈው ማክሰኞ ገባ። ካርቶኑ ተጨማዷል፣ ዕቃው ግን ደህና ነው። ወረፋው በር ላይ ተለጥፏል።

አሁን ሒሳብ ሹማችን ሪፖርቱን ያሰማናል። ጉባኤው ተከፍቷል።